በሰው አገር ሲኒማ ስናስተምር

በውጭ አገር የሚኖር ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአገሩ ልጆች ጋራ ሲገናኝ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጤንነቱን ነው፤ ቀጥሎም ሥራውን ነው። እኛም በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በኖርንባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ደርሶናል። መምህር መሆናችንን ስንገልጥ ጠያቂዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ መምህርነት በአገራችን የተከበረ ስም ነውና። «ምን ያስተምራሉ?» ብለው ሲቀጥሉና ሲኒማ መሆኑን ሲሰሙ ግን ፊታቸው ይለወጣል። አንዲት አረጋዊት እናት ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ «ለዚህም ደግሞ ትምህርት ቤት አለው? ልጆቹስ ገንዘብ ከፍለው ነው የሚማሩት?» ብለው ጠየቁን። እንደሚከፍሉ፥ ያውም ብዙ እንደሚከፍሉ በነገርናቸው ጊዜ አማተቡ።

በዚህ ነገር ልንፈርድባቸው አይገባንም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም አውጥቶለት እንደ ነበረ የታወቀ ነው። እኛም ብንሆን በልጅነታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በደብረ ማርቆስ ፊልም ባየን ቀን፥ በግድግዳው ላይ ይጋልብ የነበረው ፈረስ ከሥዕሉ ጠርዝ አልፎ ቢሰወርብን፥ ወዴት እንደ ሄደ ለማየት ከአዳራሹ ወጥተን በስተጀርባ ፈልገነዋል። ያገኘነው የተጣለ የዘይት በርሜልና አንዲት ፍየል ብቻ ነበር። ምናልባት ይህ ሥራ የያዘን ከዚያች ቀን ጀምሮ ይሆናል።

ሲኒማ ማስተማር ማለት ምን እንደ ሆነ በጥቂቱ መግለጥ ያስፈልጋል። በልማድ በፊልም ላይ በአንድ ሰኮንድ 24 ሥዕሎች ተከታትለው ያልፋሉ፤ እንግዲህ 10 ደቂቃ የሚቈይ ፊልም 14,400 ሥዕል ነው። ዐይን እያንዳንዱን ለይቶ ማየት ስለማይችል ሥዕሉ የሚንቀሳቀስ ይመስለዋል። የእኛ ትምህርት ከዚህ ሁሉ የትኛው እንደሚቀር፥ የትኛው እንደሚወጣ፥ የትኛውም ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገባ ማስተማር ነው፤ ይህንም ቅንብር ይሉታል። በቀድሞው ዘመን የፊልሙ ጥቅል በምላጭ እየተቈረጠ፥ በማጣበቂያም እየተቀጠለ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ቢዛወርም ቃሉ ያው «መቍረጥ» ነው።

ለዚህ ትምህርት መግቢያ አድርገን የምንተርከው የሞስኮውን መምህር የሌቭ ኩሌሾቭን ነገር ነው። የሞስኮ የፊልም ትምህርት ቤት የተቋቋመው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1919 ነው፤ በዓለም ካሉት የፊልም ትምህርት ቤቶችም ቀዳሚው እርሱ ነው ይባላል። በዚያን ጊዜ የፊልም ጥቅል እጅግ ጠፍቶ ስለ ነበረ ኩሌሾቭና ተማሪዎቹ ያለ ፊልም «ፊልም» ይሠሩ ነበር፤ ይኸውም ትዕይንቱን በመድረክ ላይ እየተጫወቱ ካሜራ እንዳለ አድርገው ይለማመዱ ነበር። እንደሚተረከውም መምህሩ የአንድ ተዋናይ ፊት ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን ጋራ፥ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጋራ አያይዞ አሳየ። ተመልካቾችም በመጀመሪያው ረኃብን፥ በሁለተኛው ኀዘንን አየንበት አሉ፤ ፊቱ ግን አንድ ነበር፥ ከቶም አልተለወጠም። ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ሁል ጊዜ ይደነቃሉ፤ መቀሱ ያለው ኃይል ደስ ያሰኛቸዋል። እኛም ይህን ትምህርት ለብዙ ዓመት እየደገምን ሳለ አንድ ነገር ሳናስተውል ቀርተናል፤ ተመልካቹ ያን ሁሉ በሰውዬው ፊት ላይ ሊያነብ የቻለው ሰውዬው ዝም ስላለ ነው።

በየዓመቱ መስከረም ሲገባ አዲስ ተማሪዎች ይመጣሉ። በዚያ አገር ተማሪ መምህሩን በስሙ ይጠራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ይህ ጆሯችንን ይቈረቍረው ነበር፥ በኋላ ግን ለመድነው። ያልለመድነው ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ ሳይጠይቅ የማይቀረው፥ «እርስዎ ራስዎ ምን ፊልም ሠርተዋል?» የሚል ጥያቄ ነው። በተማሪነታችን ጊዜ የሠራናት 22 ደቂቃ የምትቈይ አንዲት አጭር ፊልም አለችን፤ በጥቂት አዳራሾች ታይታለች፥ ሽልማትም አላገኘችም። ይህን ከነገርናቸው በኋላ «ሌላም በእጃችን ያለ ሥራ አለ» እንላቸዋለን። ይህችን ቃል ስምንት ዓመት ሙሉ ተናግረናታል።

በእጃችን ያለው ሥራ ይህ ነበር። ኮሌጁ የክረምት ዕረፍቱን ሲሰጥ፥ በ2003 ዓ.ም. ካሜራ ይዘን ወደ አገራችን ወደ ጎጃም ሄድን፤ ከእናታችንም ዘንድ ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን ሲያዩ ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፥ ለፓስፖርት እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። በሁለተኛው ቀን «ይህ ነገር አይደክመውም?» ብለው ጠየቁን። በሦስተኛው ቀን ረሱት። ከዚያ በኋላ ጥጥ ሲፈትሉ፥ ከጎረቤት ጋራ ስለ በግ ዋጋ ሲከራከሩ፥ እሳቱ አልነድ ሲላቸው እንጨቱን ሲወቅሱት፥ በደጃፉ የሚወርደውን ዝናብ ሲመለከቱ አነሣናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ አቁመን ቡና ሲያፈሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳናቋርጥ አነሣን፤ በ52ኛው ደቂቃ፥ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ፥ በረካው ሳይደርስ የካሜራው ባትሪ አለቀ። በጠቅላላው የያዝነው 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነበር። ለመሄድ ስንነሣ እናታችን እስከ መኪናው መንገድ ሸኙንና «ልጄ፥ ያነሣኸውን መቼ ታሳየኛለህ?» አሉን። «ለከርሞ፥ እምዬ» ብለን ጕልበታቸውን ስመን ተለየን።

ከርሞም መጣ፥ ሌላው ከርሞም መጣ። ሃርድ ዲስኩ በጠረጴዛችን መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ምክንያታችን ሥራ ነበር፤ ምክንያቱም ውሸት አልነበረም። በአንድ የትምህርት ወቅት 18 ተማሪዎች አሉን፤ እያንዳንዳቸው 3 ሥራ ያቀርባሉ፤ 54 ሥራ ማለት ነው፤ አንዱን ሥራ ከሦስት ጊዜ ያላነሰ ሳያዩ ማረም አይቻልም። የሰውን ልጅ ፊልም ሲያዩ የዋሉ ዐይኖች ማታ የራስን ሥራ ለማየት እንቢ ይላሉ። ስለዚህም ማስተማር የፈጠራን ኃይል የሚመጥጥ ሥራ ነው እያልን ለወዳጆቻችን እናማርር ነበር። ነገር ግን አንዲት አዋላጅ ሴት የሰው ልጅ ሳዋልድ የራሴን ለመውለድ ጊዜ አጣሁ ብትል ማን ያምናታል?

ይህን ምክንያታችንን የሚያፈርስ ሰው ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ በዚያው ከተማ ነበር። ጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1967 ወደ አሜሪካ ሄደው በቺካጎ ቴአትር፥ በኋላም በሎስ አንጀለስ ፊልም ተምረዋል። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልማቸውን ገና ተማሪ ሳሉ ወደ አገራቸው መጥተው በዕረፍት ወራት አነሡት፤ በ1976ም ወጣ። ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ፊልም አስተምረዋል። «ሳንኮፋ» የተባለው ፊልማቸው በ1993 ሲያልቅ የፊልም አከፋፋዮች አልተቀበሉትም፤ እርሳቸውና ባለቤታቸውም ወይዘሮ ሺሪኪያና አይና አዳራሽ ራሳቸው እየተከራዩ ለሕዝብ አሳዩት። በዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት በጆርጂያ ጐዳና በዚሁ ፊልም ስም የመጽሐፍ መደብርና ቡና ቤት ከፈቱ። «ጤዛ» ተጠናቆ እስኪወጣ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ፤ ግን በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፥ በ2009ም በዋጋዱጉ በአፍሪካ ታላቁ የፊልም በዓል የወርቅ ፈረስ የተባለውን አንደኛ ሽልማት ተቀበለ። በዚህ ሁሉ ዘመን ማስተማሩን አላቋረጡም፤ ከተማሪዎቻቸውም አንዱ ብራድፎርድ ያንግ በ2016 በወጣው «አራይቫል» በተባለው ፊልም በካሜራ ሥራው ለኦስካር ታጭቷል። እንግዲህ ዐሥር ዓመት የፈጀ ሥራና ዐሥር ዓመት በመሳቢያ የተቀመጠ ሥራ ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሠሪው ግን ልዩነቱን ያውቃል።

ከዚያም በፊት ይህን ልንማርበት የሚገባን ስፍራ ነበረን። በልጅነታችን ለጥቂት ወራት ከቅኔ ቤት ደጅ ደርሰን ነበር፤ ከሁለት ቤት ከጉባኤ ቃና ግን አላለፍንም። መምህሩ ቀኑን ሙሉ ተማሪዎች ሌሊት ሲቈጥሩ ያደሩትን ቅኔ እየሰሙ ሲያርሙ ይውላሉ። በዓል ሲሆን ደግሞ እርሳቸው አዲስ ቅኔ ያቀርባሉ፤ የትናንቱን መድገም ነውር ነውና። ከተማሪው ቅኔ አብዛኛው በዚያው ቀን ይረሳል፤ አይጻፍም፥ አይሸጥም። «ለራሴ ጊዜ አጣሁ» ሲሉ ግን ሰምተናቸው አናውቅም፤ ለማለትም የሚያስቡ አይመስለንም።

አሁን ስለ አንዲት ተማሪያችን እንናገር። በ2010 ዓ.ም. የጸደይ ወራት ወላጆቿ ከአገራችን የመጡ አንዲት ልጅ በክፍላችን ነበረች። እናቷ ነርስነት እንድትማር ይፈልጉ ነበር፤ በዚህም ነገር በቤታቸው ብዙ ክርክር እንደ ነበረ ነግራናለች። አባቷ በከተማው ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሌሊት ሌሊት ይሠራሉ። ለመጨረሻ ሥራዋ እርሳቸውን በመስተዋት ቤታቸው ውስጥ ሆነው አንሥታ 11 ደቂቃ የሚቈይ ሥራ አቀረበች። መኪና ይገባል፥ ወረቀት ይቀደዳል፥ ገንዘብ ይቈጠራል፥ መኪና ይወጣል። ከዚያም ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጨረሻው መኪና ከሄደ በኋላ፥ አባቷ ከኪሳቸው ዳዊታቸውን አውጥተው ጥቂት ደገሙ፤ መጽሐፉንም አጠፉና ባዶውን መንገድ እየተመለከቱ ተቀመጡ። ምንም አልሠሩም፥ ምንም አልተናገሩም። ይህ ከሦስት ደቂቃ በላይ ይቈይ ነበር።

እኛም ቍረጪው አልናት። ሃያ ሰኮንድ ይበቃል፥ ነገሩ ገብቶናል፥ ከዚያ በኋላ ተመልካቹ ይሰለቻል አልናት። ልጅቱ ዐይኗን ወደ መሬት አድርጋ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያም «እሺ፥ መምህር» አለች። በአገራችን ልማድ ያደገች ልጅ ናትና አልተከራከረችንም፤ አሜሪካዊት ብትሆን ኖሮ በተከራከረችን ነበር ብለን ብዙ ጊዜ አስበናል። ቈረጠችው። ሥራውም ከክፍሉ ሁሉ የተሻለ ተባለ፤ እኛም ከፍተኛውን ማርክ ሰጠናት።

በትምህርቱ መጨረሻ ወላጆች ተጋብዘው ሥራዎቹ ሲታዩ አባቷ ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። በሥራ ምክንያት ሌሊቱን እንዳልተኙ ከዐይናቸው ይታወቅ ነበር። ፊልሙ አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ እርሳቸውም አጨበጨቡ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው እኛ በሰማነው ድምፅ እንዲህ አሏት። «ልጄ፥ ጎበዝ፥ መልካም ነው። ግን መኪና ሳስገባና ሳስወጣ ብቻ ነው ያሳየሽኝ። ያ የኔ የነበረው ሰዓት የት ገባ?»

ልጅቱ ወደ እኛ አልተመለከተችም። ያ ሥነ ሥርዓትዋ ከወቀሳ ይልቅ ከበደን። በማግሥቱ ጠርተናት ስሕተቱ የእኛ እንደ ሆነ ነገርናት፤ የወጣውንም መልሳ እንድታስገባ ጠየቅናት። አስቀምጣው ኖሯል፤ በዚያው ቀን መለሰችው። ዛሬ እናቷ እንደ ፈለጉት ነርስ ሆና በሆስፒታል ትሠራለች፤ በዕረፍት ቀንዋም ፊልም ታነሣለች፤ አንዳንድ ጊዜ ትልክልናለች። ከእኛ ምክር መጠየቋን ትታለች፤ ይህም መልካም ነው።

በዚያች ማታ ወደ ቤት ገብተን መሳቢያውን ከፈትን። አንድ ሰዓት ያህል ተመለከትን። እናታችን በየዓመቱ ለእንቍጣጣሽና ለፋሲካ በስልክ ስንገናኝ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ይሉን ነበር፤ ከአምስተኛው ዓመት ወዲህ ግን መጠየቃቸውን ትተውት ነበር። በሥዕሉ ላይ ግን ገና አልተዉትም፤ ገና እሳቱን ይወቅሳሉ። የምንቈርጠውን ለመምረጥ ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን። ይህ መልካም ነው፥ ያኛው ብርሃን ያንሰዋል፥ ይህ ለውጭ ሰው አይገባም እያልን ጻፍን። ከዚያም እንዲህ ያለ ሥራ በችኰላ አይሠራም፥ በሚመጣው ክረምት እንጨርሰዋለን አልንና ዘጋነው።

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልክ ተደወለ። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚደወል ስልክ ምን እንደሚናገር በሰው አገር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ለቀብራቸው አልደረስንም። በመኖሪያ ቤታችን ለቅሶ ተቀመጥን፤ ያገራችን ሰዎችም እንደ ልማዳቸው ምግብ ይዘው እየመጡ ሦስት ቀን አስተዛዘኑን፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። በሁለተኛው ቀን እነዚያ ስለ ሲኒማ ጠይቀውን ያማተቡት አረጋዊት እናት ድፎ ዳቦ አስይዘው መጡ። አጠገባችን ተቀምጠው ከቈዩ በኋላ «የእናትዎ ምስል አለዎት? መልካቸውን ልየውና ላልቅስላቸው» አሉን።

ተነሥተን ፈለግን። ያገኘነው በአንድ ፖስታ ውስጥ የነበረች፥ ለመታወቂያ የተነሡዋት የአውራ ጣት ያህል ፎቶግራፍ ናት። እርሷን አመጣንላቸው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ወደ መስኮቱ አስጠግተው ተመለከቷትና አለቀሱ። 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃው ከእርሳቸው ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት በመሳቢያው ውስጥ ነበር። ገና አላለቀም ብለን አላወጣነውም፤ በዚያን ሰዓት እንኳ ይህን አሰብን። ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው ነገሩ የገባን፤ እናታችን ፊልም ሥራልኝ አላሉንም ነበር። ያነሣኸውን አሳየኝ ነበር ያሉን። ፊልሙን የፈለግነው እኛ ነን፤ በማናውቃቸው ሰዎች አዳራሽ ውስጥ መመስገንን የፈለግነው እኛ ነን። እርሳቸውን ለማሳየት ሃያ አራት ሰዓትና አንድ ግድግዳ በበቃን ነበር።

የሙት ዓመታቸው በጥር ወር 2012 ዓ.ም. ነበር፤ ሄድን። ከደብረ ማርቆስ ፕሮጀክተርና አነስተኛ ጀኔሬተር ተከራይተን በመኪና ወሰድን። ሥርዓቱ ሁሉ ከተፈጸመ፥ ካህናቱና ድሆቹም ከተሸኙ በኋላ፥ ማታ ዘመድና ጎረቤት ብቻ በቀረ ጊዜ በግድግዳው ላይ ነጭ አቡጀዴ ሰቀልን። ያንን የቡናውን 52 ደቂቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምንም ሳንቈርጥ ከፈትነው። ስንከፍተው እጃችን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ባዕድ ተመልካች ቢሆን በአምስተኛው ደቂቃ ተነሥቶ እንደሚሄድ እናውቃለንና።

እናታችን ብቅ ሲሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ጮኹ፥ አለቀሱም። ጥቂት ቈይቶ ግን ልቅሶው ቀስ በቀስ ቆመና ሌላ ነገር ሆነ። ቡናው ሲቈላ «አረረብሽ» አለች አንዲት እኅታቸው። እናታችን ወደ አጥሩ ዞረው ጎረቤታቸውን «ነይ፥ ቡና ጠጪ» ብለው ሲጣሩ፥ ያቺው ጎረቤት አሁን በስተኋላ ተቀምጣ ሳለች «መጣሁ፥ መጣሁ» ብላ መለሰች፤ ሰዉም ሳቀ፥ እርሷም ሳቀች፥ ከዚያም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጆቹ ሳያውቁአቸው ያደጉ የልጅ ልጆች ናቸው፤ ወደ አቡጀዴው ተጠግተው በእጃቸው ይነኩት ነበር። ጀበናው ሲገነፍል ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ «ገነፈለ!» አሉ።

አቦሉ ከተጠጣ በኋላ እናታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው በደጃፉ ዝናቡን የሚመለከቱበት አለ። በወረቀታችን ላይ በመጀመሪያ እንዲቈረጥ ምልክት ያደረግንበት ይህ ነበር። በቤቱ ውስጥ ማንም አልተነፈሰም፤ የሚሰማው የጀኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ነበር። እርሱም ወዲያው ማቃሰት ጀመረ፤ ሥዕሉም ፈዘዝ አለ። ቤንዚኑ ማለቁ ነበር። ልንነሣ ስንል ታላቂቱ አክስታችን እጃችንን ያዙንና ዐይናቸውን ከግድግዳው ሳይነቅሉ «ልጄ፥ በረካው ሳይደርስ እንዳታጠፋው» አሉን።

«እሺ» አልናቸው። ወደ ውጭ ወጥተን በባትሪ እያበራን ቤንዚን ጨመርንበት።